ወቅታዊ ክፍያና ሪቴንሽን በግንባታ ውል

ወቅታዊ ክፍያና ሪቴንሽን በግንባታ ሕግ ውስጥ ጎን ለጎን የሚጠኑ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። የወቅታዊ ክፍያ ሕግ የሚባለው ለተሠራ የግንባታ ሥራ ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ መከፈል እንዳለበትና ክፍያው ከዘገየ ምን እንደሚያስከትል የሚወስን ሕግ ነው። ሪቴንሽን (በአሜሪካ አጠራር ሪቴይኔጅ) ደግሞ አሠሪው ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ በመቶኛ ቀንሶ፣ ሥራው እስኪጠናቀቅና ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ በእጁ የሚያቆየው ገንዘብ ነው።

ሁለቱም ጉዳዮች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕንፃው ገና እየተሠራ ባለበት ጊዜ ወጪውን በራሱ ኪስ የሚሸከመው ማን ነው? ሕጉ ዝም ካለ ሸክሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው የመደራደር አቅማቸው አነስተኛ በሆነው በንዑስ ተቋራጮች፣ በዕቃ አቅራቢዎችና በሠራተኞቻቸው ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ አገሮች የክፍያ ቀንን፣ የሪቴንሽንን መጠንና የገንዘቡን አያያዝ በሕግ ወስነዋል።

የክፍያ ሰንሰለት

በአንድ ትልቅ ግንባታ ላይ ገንዘብ ከአሠሪው ተነሥቶ ሠራተኛው እጅ እስኪደርስ በብዙ እጆች ያልፋል። አሠሪው ከዋና ተቋራጩ ጋር ይዋዋላል። ዋና ተቋራጩ የቁፋሮውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የቧንቧውንና የቀለሙን ሥራ ለንዑስ ተቋራጮች ይሰጣል። እነርሱም በተራቸው ሲሚንቶና ብረት በዱቤ ይገዛሉ፣ መሣሪያ ይከራያሉ፣ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ።

ክፍያው ብዙውን ጊዜ በየወሩ ይጠየቃል። ተቋራጩ የሠራው ሥራ ይለካል፣ የክፍያ ጥያቄ ይቀርባል፣ አማካሪ መሐንዲሱ መርምሮ የክፍያ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ከዚያ አሠሪው ይከፍላል። የሠራተኛ ደመወዝ ግን የመሐንዲሱን ፊርማ አይጠብቅም፤ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ መከፈል አለበት። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ክፍተት መሸፈን ያለበት አንድ ሰው አለ። ክፍያው በእያንዳንዱ እርከን ትንሽ ትንሽ በዘገየ ቁጥር የመጨረሻው ተቀባይ ጥበቃ የሁሉም መዘግየት ድምር ይሆናል።

የሪቴንሽን አሠራርና ዓላማ

ሪቴንሽን የጀመረው በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የባቡር ሐዲድ ግንባታ በተስፋፋበት ዘመን እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በዚያን ጊዜ ልምድ የሌላቸው ብዙ ተቋራጮች ወደ ሥራው ስለገቡ፣ የባቡር ኩባንያዎቹ ሥራው ቢበላሽ ማስጠገኛ እንዲሆናቸው ከክፍያው የተወሰነውን ማስቀረት ጀመሩ።

ዛሬ የሚያዘው መጠን በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በተለመደው አሠራር ግማሹ ሥራው በጊዜያዊ ርክክብ ሲተላለፍ ይለቀቃል፤ ቀሪው ግማሽ የጉድለት ማረሚያ ጊዜው አልቆ የመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ ይከፈላል። ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ፊዲክ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ቀይ መጽሐፍ» በተባለው የውል ሁኔታ ውስጥም አሠራሩ ይኸው ነው።

ሪቴንሽን ለአሠሪው ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛ፣ ተቋራጩ ሳይት ለቅቆ ከሄደ በኋላ የሚያንጠባጥብ ጣራ ወይም የተሰነጠቀ ልስን ቢገኝ ተመልሶ እንዲያስተካክል ምክንያት ይሆነዋል። ሁለተኛ፣ ተቋራጩ ባይመለስ አሠሪው በተያዘው ገንዘብ ሌላ ሰው ቀጥሮ ያሠራል።

ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ የሚያዝበት ጊዜና የሚይዘው ሰው ማንነት ላይ ነው። ለምሳሌ የመሠረት ቁፋሮ የሚሠራ ንዑስ ተቋራጭ ሥራውን የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የውሉ ሪቴንሽን የሚለቀቀው ግን ሕንፃው በሙሉ ሲያልቅ ከሆነ፣ ቆፋሪው ከእርሱ ሥራ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቀለም ቀቢ እስኪጨርስ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። በዚህ መካከል ገንዘቡን የያዘው ዋና ተቋራጭ ቢከስር፣ ቆፋሪው አጥጋቢ ሆኖ ለተረከቡት ሥራ ያልተከፈለው ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ ከሌሎች ባለዕዳ ጠያቂዎች ጋር ይሰለፋል።

በቁጥር ሲታይ

የመዘግየቱን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ንዑስ ተቋራጭ በ10 ወር የሚያልቅ የ10,000,000 ብር ሥራ ወስዷል እንበል። በየወሩ የ1,000,000 ብር ሥራ ይሠራል፤ ለሠራተኛና ለዕቃ በየወሩ 950,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በመልካም ቢያልቅ ጠቅላላ ትርፉ 500,000 ብር ነው።

በመጀመሪያው ሁኔታ ሪቴንሽኑ 10 በመቶ ነው፤ የእያንዳንዱ ወር ክፍያም ከ60 ቀን በኋላ ይደርሳል። በ10ኛው ወር መጨረሻ ሰውየው በድምሩ 9,500,000 ብር አውጥቷል። የደረሰው ግን የ8 ወር ክፍያ፣ ማለትም 900,000 ሲባዛ በ8፣ 7,200,000 ብር ነው። ልዩነቱ 2,300,000 ብር ሲሆን ይህም ከጠቅላላ ትርፉ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

በሁለተኛው ሁኔታ ሪቴንሽኑ 5 በመቶ ነው፤ ክፍያውም በ14 ቀን ይደርሳል። በዚያው ቀን የ9 ወር ክፍያ፣ ማለትም 950,000 ሲባዛ በ9፣ 8,550,000 ብር ደርሶታል። ከኪሱ የጎደለው 950,000 ብር ብቻ ነው።

ሥራው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ትርፉም አንድ ነው። የተለወጡት የክፍያው ቀንና የሪቴንሽኑ መጠን ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ሁኔታ ሰውየው 2,300,000 ብር መበደር ካለበት የባንኩ ወለድ ትርፉን ሊበላው ይችላል። ብድር ካላገኘ ደግሞ ሥራ እያለው ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ትርፋማ የሆኑ ድርጅቶች በጥሬ ገንዘብ እጥረት የሚዘጉት በዚህ መንገድ ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሥራዎች

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የወቅታዊ ክፍያ ሕግ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉ በመጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለገዙት ዕቃና አገልግሎት በአጠቃላይ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ፣ ካልከፈሉ ወለድ እንዲጨምሩ አዘዘ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ለግንባታ የተለዩ ደንቦች ተጨመሩበት። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

መሥሪያ ቤቱ የተሟላ የክፍያ ጥያቄ በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ የወሩን የሥራ ክፍያ ይከፍላል። ዋና ተቋራጩ ገንዘቡ በደረሰው በ7 ቀን ውስጥ ለንዑስ ተቋራጮቹ ይከፍላል፤ ይህ ግዴታ በታችኞቹ ውሎች ውስጥም መጻፍ አለበት። ቀኑ ካለፈ ወለድ ይታሰባል፤ የወለዱን መጠን የገንዘብ ሚኒስቴሩ በየስድስት ወሩ ያሳውቃል። መሥሪያ ቤቱ ወለዱን የሚከፍለው ተቋራጩ እስኪጠይቅ ሳይጠብቅ ሲሆን ለዚህ ተብሎ ተጨማሪ በጀት አይሰጠውም፤ ከራሱ ፕሮግራም ገንዘብ ይቀነሳል። ስለዚህ የሚያዘገይ መሥሪያ ቤት ለሌላ ሥራው የሚውለውን ገንዘብ ያጣል ማለት ነው።

ሪቴንሽንን በሚመለከት የፌዴራል የግዥ ደንብ ጣሪያውን 10 በመቶ አድርጎታል። ደንቡ ገንዘብ ያለ ምክንያት እንዳይያዝና ሪቴንሽን በጥሩ የውል አስተዳደር ምትክ እንዳያገለግል ይከለክላል። በሌላ አነጋገር ሥራው በአግባቡ እየሄደ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ሙሉውን መክፈል ይጠበቅበታል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣው በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚለር ሕግ ነው። በግል ሕንፃ ላይ የሠራና ያልተከፈለው ሰው በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሕግ መሠረት በሕንፃው ላይ የመያዣ መብት ማስመዝገብ ይችላል። የመንግሥት ሕንፃ ግን በዕዳ ሊያዝ አይችልም። የሚለር ሕግ ይህን ክፍተት የሞላው ዋና ተቋራጩ ለንዑስ ተቋራጮችና ለአቅራቢዎች ክፍያ ዋስትና እንዲያስገባ በማስገደድ ነው። ያልተከፈለው ሰው በሕንፃው ፋንታ ዋስትናውን ይከሳል።

በክፍለ ግዛቶች

እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ ስላለው ደንቦቹ ይለያያሉ። ኒው ሜክሲኮ ሪቴንሽንን ከልክላለች። ኒው ዮርክ ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ150,000 ዶላር በማያንሱ የግል ግንባታ ውሎች ላይ ጣሪያውን 5 በመቶ አድርጋለች። ካሊፎርኒያም ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአብዛኞቹ የግል ግንባታዎች ተመሳሳይ የ5 በመቶ ጣሪያ ተግባራዊ አድርጋለች።

የካሊፎርኒያ ሕግ ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀንም ይወስናል። የግል አሠሪ ሥራው በተጠናቀቀ በ45 ቀን ውስጥ ሪቴንሽኑን መልቀቅ አለበት፤ ዋና ተቋራጩ ደግሞ በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለንዑስ ተቋራጮቹ ያስተላልፋል። በእውነት የሚያከራክር ጉድለት ካለ አሠሪው ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ የአከራካሪውን ገንዘብ 150 በመቶ ነው። ያለ አግባብ የተያዘ ገንዘብ በወር 2 በመቶ ቅጣት ይታሰብበታል።

በቴክሳስ ግን ሪቴንሽን ሌላ ፊት አለው። አሠሪው ከውሉ ወይም ከሥራው ዋጋ 10 በመቶውን ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ እንዲያቆይ የሚያዘው ራሱ ሕጉ ነው። ዓላማውም ያልተከፈላቸው ንዑስ ተቋራጮችና አቅራቢዎች ቢመጡ የሚደርሳቸው ገንዘብ እንዲኖር ነው። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሕግም ተመሳሳይ የ10 በመቶ ተያዥ ገንዘብ አለው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ስምና መጠን ያለው ገንዘብ በአንዱ ቦታ አሠሪውን ከተቋራጩ፣ በሌላው ቦታ ሠራተኛውን ከዋና ተቋራጩ ለመጠበቅ ይውላል ማለት ነው። አንድን ውል የሚያነብ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የሚያዘው ለማን ጥቅም እንደሆነ ነው።

«ሲከፈለኝ» እና «ከተከፈለኝ»

በብዙ የንዑስ ተቋራጭ ውሎች ውስጥ የሚገኝ አንድ አንቀጽ የዋና ተቋራጩን ክፍያ ከአሠሪው ክፍያ ጋር ያስራል። አንቀጹ ሁለት መልክ አለው። «ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚለው ጊዜን ብቻ የሚያመለክት ተደርጎ ይተረጎማል፤ አሠሪው ጨርሶ ባይከፍልም ዋና ተቋራጩ ምክንያታዊ ከሆነ ጊዜ በኋላ መክፈሉ አይቀርም። «ከተከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚለው ግን ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አሠሪው ካልከፈለ ንዑስ ተቋራጩ ምንም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቃል ልዩነት የአሠሪውን የመክሰር አደጋ ከዋና ተቋራጩ ትከሻ ወደ ንዑስ ተቋራጩ ያሻግራል።

የኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1995፣ የካሊፎርኒያው ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ዓይነት አንቀጽ የሕዝብን ጥቅም የሚጻረር ነው ብለው ውድቅ አድርገውታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ደግሞ ጉዳዩ የተለወጠው በሕግ አውጪው ነው። ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተፈረሙ ውሎች ዋና ተቋራጩ ንዑስ ተቋራጩ ሥራውን በአጥጋቢ ሁኔታ ፈጽሞ የክፍያ ጥያቄ ካቀረበ በ60 ቀን ወይም ገንዘቡ ከአሠሪው በደረሰው በ7 ቀን፣ ከሁለቱ በቀደመው ውስጥ መክፈል አለበት። አሠሪው ከከሰረ በቀር፣ የአሠሪው አለመክፈል ከዚህ ግዴታ አያድነውም። በሌሎች ብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን አንቀጹ በግልጽ ከተጻፈ አሁንም ይጸናል።

በዩናይትድ ኪንግደም

በ1996 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በግንቦት 1998 ሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ ሕግ «ሲከፈለኝ» የሚሉ አንቀጾችን፣ ከላይ ያለው ከፋይ ከከሰረ በቀር፣ ውጤት አሳጥቷል። በተጨማሪም ያልተከፈለው ተቋራጭ ማስታወቂያ ሰጥቶ ሥራ የማቆም መብት አለው። ክርክር ሲነሣም ገለልተኛ ዳኛ በመርህ ደረጃ በ28 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል፤ ውሳኔው በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ጉባኤ እስኪለወጥ ድረስ ይፈጸማል። ሐሳቡ «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ተከራከር» የሚል ነው።

ሕጉ ሪቴንሽንን ግን አልከለከለም፤ ለብቻው ተለይቶ እንዲቀመጥም አላዘዘም። የዚህ ክፍተት ዋጋ የታየው ካሪሊየን የተባለው ትልቅ የግንባታ ድርጅት በጥር 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ ነበር። የፓርላማ ኮሚቴዎች ባወጡት ዘገባ መሠረት ድርጅቱ ለ30,000 ያህል አቅራቢዎች፣ ንዑስ ተቋራጮችና ሌሎች የአጭር ጊዜ ባለዕዳ ጠያቂዎች 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ነበረበት። በመደበኛነት ለአቅራቢዎቹ የሚከፍለውም ከ120 ቀን በኋላ ነበር። በዚያው ዓመት ሪቴንሽን በተለየ የጥበቃ ሒሳብ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

በኒው ዚላንድ

ተመሳሳይ አደጋ የኒው ዚላንድን ሕግ ለውጧል። ሜይንዚል የተባለ ዋና ተቋራጭ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ሲከስር ንዑስ ተቋራጮቹ የተያዘባቸውን ሪቴንሽን አጡ። ገንዘቡ ከድርጅቱ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ሥራ ማስኬጃ ሆኖ ነበር። ከመጋቢት 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚፈረሙ የንግድ ግንባታ ውሎች ላይ የሚያዝ ሪቴንሽን የባለቤቱ የአደራ ገንዘብ እንዲሆን ተደነገገ። ከጥቅምት 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ወይም በዋስትና ሰነድ እንዲሸፈን ግዴታ ሆኗል። ይህን የሚጥስ ድርጅት እስከ 200,000፣ ዳይሬክተሮቹ ደግሞ እስከ 50,000 የኒው ዚላንድ ዶላር ይቀጣሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የግንባታ ክፍያ በዋናነት የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በመንግሥት ግዥ ሕጎችና ተዋዋዮቹ በሚፈርሙት መደበኛ የውል ሁኔታ ነው። በውጭ ብድር በሚሠሩ መንገዶችና በሌሎች ትልልቅ ሥራዎች ላይ የፊዲክ ውሎችም ያገለግላሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄው ከደረሰው ጀምሮ አሠሪው በ56 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዛል፤ ለዘገየ ክፍያም በየወሩ የሚደመር ወለድ ያስባል። በብዙ የአገር ውስጥ ውሎች ከየክፍያው 5 በመቶ ሪቴንሽን ይቀነሳል፤ አለቃቀቁም ከጊዜያዊና ከመጨረሻ ርክክብ ጋር የተያያዘ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1803 ገንዘብ በመክፈል የዘገየ ባለዕዳ ሕጋዊ ወለድ እንዲከፍል ያደርጋል፤ አንቀጽ 1751 መጠኑን በዓመት 9 በመቶ ይወስናል። በዚህ ስሌት 1,000,000 ብር ለስድስት ወር ቢዘገይ ወለዱ 45,000 ብር ይሆናል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከዚህ በፈጠነ መጠን በሚጨምርበት ዓመት ግን ወለዱ የገንዘቡን የመግዛት አቅም አይመልስም። ለዘገየው ሰው ማዘግየት ከመክፈል ይልቅ ውድ የማይሆንበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በሌላ በኩል አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ትክክለኛነትና ስለ ግንባታው ጥንካሬ ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ ሪቴንሽኑ ተመለሰ ማለት የተቋራጩ ኃላፊነት አበቃ ማለት አይደለም።

በአነስተኛ ሥራዎች ላይ የፌሮ፣ የልስን ወይም የቀለም ሥራ በቃል ስምምነት ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። የክፍያው ቀን፣ የሚያዘው መጠንና የሚለቀቅበት ሁኔታ ካልተጻፈ መዘግየቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ማስረዳት ከባድ ይሆናል።

አማራጮች

የአሠሪውን ዋስትና ሳያሳጡ የተቋራጩን ሸክም የሚያቀሉ ብዙ መንገዶች በሥራ ላይ ናቸው። በሪቴንሽን ፋንታ የባንክ ወይም የመድን ዋስትና ማስገባት አንዱ ነው፤ ተቋራጩ ሙሉ ክፍያውን ያገኛል፣ ጉድለት ቢፈጠር ደግሞ አሠሪው ዋስትናውን ይጠይቃል። ዋስትናው ግን የራሱ ክፍያና መያዣ ስላለው ለትንሽ ድርጅት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ሌላው ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን ዘንድ ወለድ በሚወልድ ሒሳብ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው የእያንዳንዱን ሙያ ሪቴንሽን ያ ሥራ ሲያልቅ ለብቻው መልቀቅ ነው፤ ይህ የቁፋሮውን ሰው ቀለም ቀቢውን ከመጠበቅ ያድነዋል። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ሥራው ግማሽ ሲደርስ ከዚያ በኋላ ካለው ክፍያ ምንም እንዳይያዝ ይደነግጋሉ።

በብዙ ሥርዓቶች ውስጥ የሕጉ ጥበቃ የሚጀምረው የተሟላ የክፍያ ጥያቄ ከቀረበበት ቀን ነው። የውሉ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ ልኬትና ዋጋ፣ የሚያስፈልጉት ማስረጃዎችና ፊርማዎች ከጎደሉ ቀኑ መቆጠር አይጀምርም። በዚህ ምክንያት በየወሩ ልኬቱን በጽሑፍ የያዘና የክፍያ ጥያቄውን የገባበትን ቀን አስፈርሞ የሚያስቀር ተቋራጭ፣ ሕጉ ወይም ውሉ የሰጠውን የ14 ወይም የ56 ቀን ገደብ ለማስከበር የተሻለ ማስረጃ ይኖረዋል።